የሠፈር ልጆችና የአማርኛ ልቦለድ፦ አፍላ ዕድሜ እንዴት ተጻፈ?

የአማርኛ ልቦለድ ወጣት አላጣም። ከ«ጦቢያ» ጀምሮ ዋና ገጸ ባሕርያቱን ብንመለከት አብዛኞቹ ወይ ተማሪ፣ ወይ ከትምህርት ተመላሽ፣ ወይ ፍቅር የያዛቸው ልጆች ናቸው። ያጣው ሌላ ነገር ነው። ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች አገር ሳይሸከሙ፣ ለፍቅር ሳይሞቱ፣ ለድርጅት ሳይመለመሉ እንዲሁ ጓደኛሞች ሆነው የሚያድጉበትን፣ አንዱ በሌላው ዐይን ራሱን እያየ ማንነቱን የሚያውቅበትን ታሪክ ፈልጎ መጽሐፍ መደብር የገባ አንባቢ ይዞት የሚወጣው ጥቂት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ቅርጹ ከአውሮፓ የመጣ ስለሆነ ለእኛ ኑሮ አይገጥምም የሚሉ አሉ። ቅርጹ ከመነሻው ነበረን፣ የአገር ጉዳይ ነው የዋጠው የሚሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ ታሪኩ ተጽፏል፣ የተጻፈው ግን በግለ ታሪክና በእንግሊዝኛ ነው ይላሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ክርክሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሠፈር ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ለዚህ ልደታ ይመቻል። በሜክሲኮና በጦር ኃይሎች መካከል ያለው ይህ የአዲስ አበባ ክፍል ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ባልቻ ሆስፒታልን፣ እንዲሁም ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበትን የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ አቅፎ ኖሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቆመባቸው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ቀላል ባቡር በሠፈሩ አለፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚያ የተወለደ ልጅ ድክ ድክ ያለው በጋራ ግቢ፣ በጋራ ቧንቧና በጋራ ሽንት ቤት መካከል ነው። ጉርምስናውን የጨረሰው ግን ፎቅ ላይ፣ ወይም ቤተሰቡ ከሄደበት ሩቅ ኮንዶሚኒየም ሆኖ የሠፈሩን ልጆች በስልክ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። የዕድገት ልቦለድ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ልጁ ሲለወጥ ዓለሙም አብሮት ሲለወጥ።

የትኛውን መጽሐፍ ነው የምንፈልገው?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚድበሰበሰው የማይመሳሰሉ መጻሕፍት በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይው ወጣት የሆነ መጽሐፍ አለ፤ ይህ ከሁሉም ይበዛል። ማደጉ ራሱ፣ ማለትም ከቤት መውጣቱ፣ መሳሳቱና ከሰው ጋር መጋጨቱ የታሪኩ አጥንት የሆነ መጽሐፍ አለ። ጀርመናዊው ጎተ እ.ኤ.አ. በ1795 እና 1796 ባሳተመው የቪልሄልም ማይስተር ታሪክ መንገዱን የጠረገለት ዓይነት ይህ ነው። የዕድሜ እኩያ ወዳጅነት ታሪኩን የሚያንቀሳቅስበት መጽሐፍ ደግሞ ከእነዚህ ይለያል፤ በቁጥርም ያንሳል።

ለመለየት ቀላል ፈተና አለ፤ ጓደኛውን ከመጽሐፉ ብናወጣው ታሪኩ ይቆማል? የጊኒው ካማራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የልጅነት ታሪክ ጓደኞች አሉ፤ ቢወጡ ግን መጽሐፉ ይጎድላል እንጂ አይፈርስም። የኤሌና ፌራንቴ አራት የኔፕልስ ቅጾች (እ.ኤ.አ. 2011–2014) ጓደኛሞች ከሆኑት ሁለት ሴቶች አንዷ ብትወጣ የሚተርፋቸው ነገር የለም። ከአማርኛ ልቦለዶች ብዙዎቹን የሚጥለው ይኸው ፈተና ነው። መውደቃቸው የጥራት ጉድለት አይደለም፤ ዐይናቸው የነበረው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ተመላሹ ወጣት

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የሚተርከው የመንታ ልጆችን ታሪክ ነው። ዋሕድ ሲጠፋ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ለቅርጹ ባዕድነት የሚከራከሩ ሰዎች ይህንን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ያለ አንዲት ልጅ ማንነቷን መደበቅ አይንቀሳቀስም። ሆኖም አፈወርቅ ጦቢያ በወንድ ልብስ ውስጥ ሆና ራሷን እንዴት እንዳየች አያቆየንም። የሚቸኩለው ወደ ጦርነቱ፣ ወደ ሃይማኖቱና ወደ ሠርጉ ነው። በሩ ተከፍቷል፣ የገባበት ግን የለም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያወጡ ዓላማቸው የሰውን ጠባይ በምሳሌ መግለጥ ነበርና የተጓዡ ወዳጅ የዕድሜ እኩያው አልሆነም፤ የገዛ ልቡ ነው። በ1925 ዓ.ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» ግን የአንድ ሰው የዕድገት ታሪክ ነው። አወቀ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፤ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር በተዝካርና በሠርግ ልማድ ይከራከራል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባሳተሙት «አርአያ»ም ወጣቱ ከፈረንሳይ ይመለሳል፤ የሚጠብቀው ግን የቢሮ ተንኮልና የጣሊያን ወረራ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት የዕድገት ልቦለድ ማለት ይቻላል? በከፊል። ጣሊያናዊው ሐያሲ ፍራንኮ ሞሬቲ የአውሮፓ ልቦለድ ወጣትን የመረጠው ዘመናዊነት ራሱ ወጣት፣ እረፍት የለሽና መጨረሻው የማይታወቅ ስለሆነ ነው ሲል ተከራክሯል። ኅሩይና ግርማቸው ይህ ሐሳብ በግልጽ ይታይባቸዋል፤ ወጣቱ የአገሪቱ ምሳሌ ነው። ልዩነቱ አወቀና አርአያ የተሠሩት ባሕር ማዶ መሆኑ ነው። መጽሐፉ የሚነግረን ተሠርቶ ስለመጣው ሰው እንጂ ስለ አሠራሩ አይደለም። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ከእይታችን ውጭ ነው። ጓደኞቻቸውም ቢኖሩ ፈረንሳይ ቀርተዋል።

ለዚህ ማኅበራዊ ምክንያት መፈለግ ትክክል ነው። አፍላ ዕድሜ ራሱን የቻለ የኑሮ ምዕራፍ የሚሆነው ልጆችን ለዓመታት ከእርሻና ከጋብቻ አቆይቶ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚያውል ተቋም ሲኖር ነው፤ በከተማ ያ ተቋም ትምህርት ቤት ነው። «ጦቢያ» በታተመበት እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም.፣ እቴጌ መነን በ1923 ዓ.ም. ተከተሉ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ያደጉ የከተማ ልጆች ቁጥር ለልቦለድ ዓለም እስኪበቃ ጊዜ ወስዷል። ኅሩይ ሲጽፉ አንባቢያቸውም ገጸ ባሕርያቸውም ጥቂት ነበሩ።

የቆሎ ተማሪው

ይህ ምክንያት ግን የሚያስረዳው ግማሹን ብቻ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ልጅን ከቤት የሚያስወጣ፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚያስተኛና የሚያስርብ፣ ስሙንም ማዕረጉንም የሚለውጥ ተቋም ነበረን። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ ከደብር ወደ ደብር፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይዞራል። የለመነውን ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ በሽታ ቢይዘው የሚያስታምመው እናቱ ሳትሆን እነሱ ናቸው። የዕድገት ልቦለድ የሚጠይቀው ሁሉ እዚህ አለ፤ መለየት፣ መንከራተት፣ መምህር፣ ባልንጀራ፣ በመጨረሻም በራስ ቃል መቆም። ከሌላ ያልተሰማ ቅኔ የመቁጠር ግዴታ ራስን ስለ ማግኘት የሚናገር አይመስልም? ቅርጹ ባዕድ ነው የሚለው ወገን ይህንን ሲያልፍ ክርክሩ ይሳሳል።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህ ዓለም በሰፊው ገብቷል። በዛብህ በሕመም ምክንያት ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ከውድነሽና ከአባቱ ከቦጋለ ተለይቶ በትምህርት ይንከራተታል፤ የስለቱ ነገርም እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። የእሱን የልጅነት ክፍል ለብቻው ብናነበው በአማርኛ ከተጻፉት የዕድገት ታሪኮች ሁሉ የተሟላው ይመስለኛል። ሀዲስ ግን የሚቸኩሉበት አላቸው። በዛብህ ዲማ ደርሶ የሰብለ ወንጌል መምህር ሲሆን ዕድገቱ ያበቃና ፍቅሩ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የቅርብ አማካሪው ጉዱ ካሳ ነው፤ ብልህ፣ የሚወደድ፣ ግን ታላቁ። የእኩያ ጓደኛ ቦታ በመምህር ተይዟል። ይህ የሀዲስ ብቻ ልማድ አይደለም፤ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ልጅ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በሚመክረው ሰው ነው፣ አብሮት በሚያጠፋው ልጅ ሲለወጥ ማየት ብርቅ ነው።

ከአማርኛ ውጭ አንድ ሥራ እዚህ መነሣት አለበት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራጌኛ ጽፎት ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው የሽነጋ መንደር ታሪክ፣ አንድ የገጠር ልጅ ከከብት ጥበቃ ወደ ትምህርት የሚያደርገውን መንገድ ይተርካል። በዚያው ዓመት ኬንያዊው ንጉጊ ተመሳሳይ ጉዳይ ያነሣበት የመጀመሪያ ልቦለዱ ወጣ። የንጉጊ መጽሐፍ በብዙ የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሲነበብ የሣህለ ሥላሴ በምሁራን ዘንድ ብቻ ቀረ። ቅርጹ ኢትዮጵያ ውስጥ አልበቀለም የሚለው ወሬ የተነሣው በከፊል የምንቆጥረው በአማርኛ የተጻፈውን ብቻ ስለሆነ ነው።

«ትውልድ» የሚለው ሚዛን

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የከተማው ተማሪ በቁጥር በዛ፣ ልቦለዱም ተከተለው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» የተማረው ወጣት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ገጠር ይገባና ከሽማግሌው፣ ከባላገሩና ከእኩዮቹ ጋር ይከራከራል። በዚያው ዓመት የወጣው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» የአበራ ወርቁንና የኃይለማርያም ካሳን ወዳጅነት ምሰሶው ያደርጋል። የጓደኛውን ፈተና በግልጽ ያልፋል፤ ኃይለማርያም ቢወጣ መጽሐፉ አይቆምም። ግን ሁለቱም ጎልማሶች ናቸው። የሚያሳስባቸው ያመለጠው ወጣትነት ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪክ ራሱ ከልቦለዱ ቀደመ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣው ተማሪ በ1966 አብዮት አየ፤ በ1967 ከ11ኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ 60 ሺህ የሚገመቱ፣ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ፤ በ1969 እና በ1970 ነጭ ሽብርና ቀይ ሽብር መጣ። ጓደኝነት የሕዋስ አባልነት ሆነ። የሠፈር ልጅ ሠፈሩን ትቶ አደረ፣ ስሙን ለወጠ፣ ማን የት እንደሚያድር ማወቅ ራሱ አደጋ ሆነ። ስለዚህ ዘመን የምንናገረው «ያ ትውልድ» እያልን ነው፤ ክፍሉ ታደሰ የኢሕአፓን ታሪክ የጻፈበት ሥራ ርዕስም ይኸው ነው። ትውልድ ደግሞ ብዙ ቁጥር ነው። አንድ ልጅና አንድ ጓደኛው ለትውልድ ያንሳሉ።

ሁለተኛው ወገን፣ የአገር ጉዳይ ቅርጹን ዋጠው የሚለው፣ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። ግን አንድ የሚያልፈው ነገር አለ፤ የዋጠው ደራሲው ብቻ አይደለም፣ ሐያሲውም ነው። ሬይዱልፍ ሞልቬር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ጠቃሚ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1974 የተጻፈውን የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያነበው ማኅበራዊ ኑሮን ለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤትም በጋዜጣም የለመድነው ጥያቄ «ደራሲው ስለ ኅብረተሰቡ ምን ይላል?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ለተገራ አንባቢ ብይ ሲጫወቱ የተጣሉ ሁለት ልጆች የሆነ ነገር ምሳሌ ካልሆኑ ቁም ነገር አይመስሉትም።

በደርግ ዘመን ከዚህ የተለየ ነገር አልተጻፈም ማለት አይደለም። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ፍቅርና ኑሮ ይዞ እጅግ ተነቧል። የተነበበበት ምክንያት ለዚህ ዳሰሳ ፍንጭ ይሰጣል፤ አንባቢው በዕድሜው ልክ የተሰፋ መጽሐፍ ርቦት ነበር።

ታሪኩ የሄደበት

የሕይወት ተፈራ የእንግሊዝኛ ግለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲታተም፣ ኋላም «ማማ በሰማይ» ተብሎ በአማርኛ ሲወጣ፣ ልቦለዱ የዘለለውን ይዞ መጣ። ከሐረር ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ፣ ጓደኞቿ፣ መጽሐፍ መዋዋሱ፣ ፍቅሯ ጌታቸው ማሩ፣ ድርጅቱና እስር ቤቱ። ነጋ መዝለቅያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የጅጅጋ ልጅነት ታሪክ፣ የካናዳን የገዢ ጄኔራል ሽልማት ያገኘው፣ ረብሻውንና ቀልዱን ሳይደብቅ ወደ ጦርነቱ ይገባል። ሦስተኛው ወገን ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የጉርምስና ዝርዝር በግለ ታሪክ ውስጥ ሞልቷል።

የግለ ታሪክና የልቦለድ ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። ግለ ታሪክ ጸሐፊው የተረፈ ሰው ነው። ወደ ኋላ ሲያይ ጓደኛው በየትኛው ቀን እንደሞተ ያውቃል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ የዚያ ሞት ጥላ ያርፍበታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን ብቻ ይዞ፣ ነገን ሳያውቅ፣ ስለማይረባ ነገር ተጨንቆ መቆም የልቦለድ ሥራ ነው። ግለ ታሪኮቹ ቦታውን አልያዙም፤ ጥሬ ዕቃውን አስቀምጠዋል።

በእንግሊዝኛ የተጻፉት ልቦለዶች አንዳንዶቹ ይህንን አድርገዋል። የመዓዛ መንግሥቴ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ ዳዊትንና የልጅነት ጓደኛውን ሚኪን በአብዮቱ ሁለት ወገን ያቆማል፤ አንደኛው በድብቅ ትግል፣ ሌላው በወታደሩ መንግሥት ውስጥ። ያለ ሚኪ የዳዊት ታሪክ ጎዶሎ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ልቦለድ መንታዎቹ ማሪዮንና ሺቫ ከገነት ጋር በአንድ ሆስፒታል ግቢ ያድጋሉ፤ ከተማዋን በልጅ ዐይን ያየ ትልቅ መጽሐፍ ነው። መሮን ሀደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬይን ሽልማትን ያገኘችበት አጭር ልቦለድ የአዲስ አበባ ጎዳና ጠራጊ የሆነውን ጌቱን በእርዳታ ድርጅት ሰዎች መካከል ያገባዋል። ችግሩ የእነዚህ መጻሕፍት ልጆች የሚነጋገሩት ለውጭ አንባቢ በሚገባ መንገድ መሆኑ ነው። ልደታ ያደገ ልጅ ሲያነባቸው ሠፈሩን ያውቀዋል፣ አፉን ግን አያገኝም።

ሠፈር የገባበት ልቦለድ

በአማርኛ አዲስ መንገድ የተከፈተው በሠፈር በኩል ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ውቤ በረሃን በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሲጽፍ፣ መጽሐፉም ለዓመታት ሳይታተም ሲቆይ፣ አንድ ሠፈር በራሱ ቋንቋ ልቦለድ መሆን እንደሚችል አሳየ። ዓለማየሁ ገላጋይ በ«አጥቢያ» አራት ኪሎን ያዘ። አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. «ግራጫ ቃጭሎች»ን ሲያወጣ መዝገቡ የተባለውን ልጅ ከሕፃንነት ጀምሮ ተከትሎ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ጭካኔ፣ ሽታውን፣ ምግቡን፣ የሚፈራውንና የሚያፍርበትን ሳይቀር ቆጠረ። በአማርኛ የዕድገት ልቦለድ ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ከዚህ መጽሐፍ በኋላ በቀድሞ መልኩ ሊቀጥል አይችልም። የቀረው የወዳጅነቱ ጥያቄ ነው፤ መዝገቡ ብቸኛ ነው፣ የመጽሐፉም ኃይል ከብቸኝነቱ ይመነጫል።

ሠፈር ለወዳጅነት ታሪክ ለምን እንደሚመች የልደታን ኑሮ ማየት ይበቃል። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤቱ ሁሉ በየደጃፉ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ አንድ ላይ የሚበላበት የልደታ በዓል የዕድሜ እኩዮች አንድ ቦታ የሚገናኙበት ነው፤ ማን ለማን እንደሚታዘዝ፣ ማን ከማን እንደሚሸሽ እዚያ ይታያል። የጨርቅ ኳስ ሜዳው፣ ቪዲዮ ቤቱ፣ ኋላ ፕሌይስቴሽን ቤቱ፣ ልጆች ከወላጅ ዐይን የሚያመልጡባቸው ቦታዎች ነበሩ። ግቢው ሲፈርስ የፈረሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ የጓደኝነት መልክዐ ምድርም ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በካዛንቺስ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ይህንኑ ጥያቄ እንደገና አንሥቶታል።

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው መፍረሱ ራሱ ለደራሲ ሲሳይ ነው ይላል፤ የጠፋ ሠፈር ይጻፋልና። ሌላው ናፍቆት ልጆቹን ይገድላቸዋል ይላል፤ ትልቅ ሰው ስለ ፈረሰ ግቢ ሲያለቅስ ልጁ ጌጥ ይሆናል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጠው አንድ ስልክ የሚያዩ ልጆች ከግቢው ልጆች ያነሰ ታሪክ የላቸውም፤ የሚያስቀናቸው ነገር ብቻ ተለውጧል።

ማንነት ሲባል

ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ማንነት የሚለው ጉዳይ በአብዛኛው የብሔር ጉዳይ ሆኖ ይነበባል። የአዲስ አበባ ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ ብሔሩን ሲጠየቅ ኖሯል፤ እናቱና አባቱ ከተለያየ ወገን ከሆኑ ያ ቅጽ የልቦለድ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። ጄን ኩርትዝ፣ ማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ለወጣቶች በጻፈችው ልቦለድ አንዲት የቅማንት ልጅና አንዲት ዐይነ ሥውር የቤተ እስራኤል ልጅ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ከጥርጣሬ ወደ ወዳጅነት ይሄዳሉ። የወገን ማንነትና የእኩያ ወዳጅነት በአንድ ታሪክ ሊያዙ እንደሚችሉ ያሳያል።

ነገር ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማንነት ከዚህ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ይጠባል። የክርስትና ስሙ፣ የቤት ስሙና ሠፈር ያወጣለት ቅጽል ስም አንድ ሰው አይደሉም። ፋራ ወይስ አራዳ መሆኑ ከብሔሩ በላይ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ጊዜ አለ። በሐመር ከብት መዝለል ልጅን ከሰው ፊት አቁሞ ጎልማሳ ያደርገዋል፤ ፍቅረ ማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን ጨምሮ በመጻሕፍቱ ያንን ዓለም ወደ አማርኛ አንባቢ አምጥቶታል። በከተማ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ምናልባት ማትሪክ ነበር፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ መሆናቸው ሲታወቅ ግን ያም ደጅ ለብዙኃኑ ተዘጋ። ትምህርት እንደ መሰላል የቆመበት የአወቀና የአርአያ ታሪክ ለዚህ ልጅ አይሠራም። የወጣቶች ፖሊሲው ደግሞ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ብሎ ይይዛል፤ ሥራ አጡን የ27 ዓመት ሰውና የ9ኛ ክፍል ተማሪውን በአንድ ቅርጫት።

መጽሐፍ ገበያውም ከዚህ የተሻለ አይለይም። የሕፃናት መጽሐፍ አለ፣ የአዋቂ መጽሐፍ አለ፤ በመካከል ያለው ልጅ በ1960ዎቹ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ታሪክ፣ ኋላ የሲድኒ ሼልደንን ትርጉም፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» አንብቧል። አንባቢነቱን አሳይቷል፤ የራሱን ዕድሜ ግን ያገኘው በስንጥቅ ነው። ቋንቋውም ያልተፈታ ነው። ጀለስ፣ ሙድ፣ ላሽ የሚለው የሠፈር አነጋገር በአሥር ዓመት ያረጃል፤ ደራሲው ቢጠቀምበት መጽሐፉ ቶሎ ይሸብታል፣ ቢተወው ልጆቹ እንደ መምህር ያወራሉ። ስብሐት ንግግሩን በቀላል አማርኛ አስሮ የሠፈሩን ቃል እንደ ጨው ነስንሶበታል፤ እስካሁን ከታዩት መንገዶች ይህ ይሻላል።

ኮረዶቹ

እስካሁን «ልጅ» ስንል የመጣልን በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ይህ የዳሰሳው ጉድለት ሳይሆን የመደርደሪያው መልክ ነው። ምክንያቱ ከቅርጽ በፊት በኑሮ ላይ ነበር። አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ የጎንደሯ አያቷ የተመኙ የተዳረችው ገና ስምንት ዓመት ገደማ ሳለች ነው፤ በዚያ ሕይወት ውስጥ ልጅነትና ሚስትነት አሉ፣ በመካከል ያለው ዕድሜ የለም። ኅሩይ በ1923 ዓ.ም. በብርሃኔና በጽዮን ሞገሳ ታሪክ ያለዕድሜ ጋብቻን ሲተቹ የተሟገቱት ለዚያ ለተነጠቀው ዕድሜ ነበር ማለት ይቻላል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት አለ፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። የሴት ልጅ አፍላ ዕድሜ በሕግ እንኳ ከወንዱ እኩል የሆነው በቅርቡ ነው።

የሴቶች ወዳጅነት ቦታም የተለየ ነው። ወንዱ መንገድ ላይ ሲያድግ ሴቷ በግቢው ውስጥ፣ ቧንቧ ወረፋ ላይ፣ ፀጉር እየተሠራራች፣ ቡና እያፈላች፣ ሥራ እያገዘች ነው ከጓደኛዋ ጋር የምታወራው። ይህ ለልቦለድ ከኳስ ሜዳው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ዚምባብዌያዊቷ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ እ.ኤ.አ. በ1988 የሁለት የአጎት ልጆችን ታሪክ የገነባችው በማድ ቤትና በመኝታ ቤት ወሬ ላይ ነው። በአማርኛ እንደ ፀሐይ መላኩ ያሉ ሴት ደራስያን የሴትን ኑሮ ከውስጥ ጽፈዋል፤ ያተኮሩት ግን ይበልጥ በጎልማሳዋ ሴት ላይ ነው። እቴጌ መነን አዳሪ ትምህርት ቤት ከየአውራጃው የመጡ እኩያ ልጃገረዶችን ከባል ቤት አርቆ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳደረ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ስንዱ ገብሩ መርተውታል፣ እሳቸውም በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትመዋል። በዚያ መኝታ ክፍል መብራት ከጠፋ በኋላ ልጆቹ ምን ይባባሉ እንደነበር ግን ዛሬም የሚነግሩን ከልቦለድ ይልቅ የአረጋውያን ሴቶች ትዝታዎች ናቸው።